ከባነሩ በፊት ቧንቧው

የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ልባችሁን የሳበው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ዛሬ የምጽፈው ለእናንተ ነው። ክበብ ገብታችኋል፤ ቲሸርት አሳትማችኋል፤ ምናልባት ችግኝም ተክላችኋል። ደግ አድርጋችኋል። ግን ልጠይቃችሁ፦ ግቢያችሁ ውሃውን ከየት ያገኛል? ከካፌ የሚወጣው ቆሻሻስ የት ይደፋል? ይህን ሳታውቁ ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ፓናል ብታዘጋጁ ንግግሩ ያምር ይሆናል እንጂ ግቢው እንደነበረ ይቀራል።

ሐረማያን አስቡ። ስመ ጥሩ የግብርና ዩኒቨርሲቲ አጠገቡ እያለ፣ ሐረር ከተማን ያጠጣ የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ ማብቂያ ደረቀ። ውሃው ጫትና አትክልት ለማጠጣት ያለማቋረጥ በሞተር ይሳብ ነበር፤ ከተራቆተው ኮረብታም ደለል ይገባበት ነበር። ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች እስከማስመጣት ደረሰች። በኋላ ውሃው በከፊል ተመልሷል፤ እሰየው ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ትምህርት እውቀት ጎረቤት ስለሆነ ብቻ ሐይቅ አይድንም የሚለው ነው። ውሃውን በየዕለቱ የሚለካለት ሰው ያስፈልገዋል።

እናንተ ከዶርማችሁ ጀምሩ። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧውን ከፍቶ ትቶት የሚሄድ ተማሪ በየብሎኩ አይታጣም። ውሃው ሌሊት ስምንት ሰዓት ይመጣል፤ ሁሉም ተኝቷል፤ እስኪነጋ ሲፈስ ያድራል። ጠዋት ታንከሩ ባዶ ነው፤ ያው ተማሪ ጀሪካን አንጠልጥሎ አስተዳደሩን ሲራገም ታገኙታላችሁ። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ደግሞ በጆግ ለኩት። በአሥር ደቂቃ አንድ ሊትር ከሞላ በቀን 144 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ሰባት ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል። ቁጥሩን ከብሎኩና ከፎቁ ጋር ጽፋችሁ ለጥገና ክፍል ስጡ። «ውሃ እየባከነ ነው» የሚል አቤቱታ መሳቢያ ውስጥ ያድራል፤ የተለካ ነገር ግን ለማጣጣል ይከብዳል። ዝም ካሏችሁ በሳምንቱ ተመለሱ፣ በትሕትና። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው አንዲት ትንሽ የቧንቧ ጎማ ናት።

ቆሻሻውም ከግቢው በር ስለወጣ የጠፋ አይምሰላችሁ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ከግቢ የሚወጣውን ቆሻሻ ለመቀነስ ወጥ ቤቱን ጎብኙ። ኮምፖስት ልትሠሩ ከሆነ በወጥ ትርፍራፊ አትጀምሩ፤ ጨውና ዘይቱ አይበጅም፣ አይጥም ይጠራል፣ ሽታው የተነሣ ዕለት ሥራችሁ ይዘጋል። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ ይበቃችኋል። ከደረቅ ቅጠል ጋር እያፈራረቃችሁ ደርድሩት፤ እርጥበቱን ጠብቁ፤ አገላብጡት። ፕላስቲክ አንድም አይግባበት። ነገሩ ተራ መስሏችሁ እንዳትንቁት፤ ዓለም ያከበራቸው የዕፅዋት ሊቅ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ከትግራይ ገበሬዎች ጋር ሲሠሩ አንዱ ዋና መሣሪያቸው ይኸው ኮምፖስት ነበር።

ችግኝን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ተከላው ክረምት ላይ ነው፤ ፎቶውም ያኔ ይነሣል። ፈተናው ግን በበጋው፣ ጥርና የካቲት ላይ ነው፣ እናንተም በትምህርት ስትያዙ። የግቢውን አትክልተኛ ቀርባችሁ ስሙን እወቁ፤ የትኛው ዛፍ እዚያ አፈር ላይ እንደሚጸድቅ ከመምህራኑ አንዳንዱ ይልቅ እሱ ያውቃል። ማጠጫ ተራም አውጡ፤ የምትችሉትን ያህል ብቻ ትከሉ። መቶ ተክሎ ዘጠናውን ከማድረቅ አሥር አጽድቆ መመረቅ ይሻላል።

የለካችሁትን፣ ያስጠገናችሁትን፣ የደረቀባችሁንም ሁሉ በአንድ መዝገብ ጻፉት። ጂሲ (ተመራቂ) የሆናችሁ ዕለትም ክበቡ አብሯችሁ እንዳይመረቅ፣ መዝገቡን ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ አስረክባችሁ ውጡ።