ባልንጀራን መውደድ ሕግን ይሽራልን?

አንባቢ ሆይ፤ አንዳንድ ሰዎች «ፍቅር ካለ ሕግ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ሌሎችም «ሕጉን ከጠበቅሁ ዘንድ ከእኔ ሌላ ምን ይፈለጋል?» ይላሉ። የሁለቱ መንገድ የተለያየ ይመስላል፤ ስሕተታቸው ግን አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ያጣመረውን ይለያዩታልና።

አስቀድመህ ይህን አስተውል። ሰው ባልንጀራውን እንደ ራሱ ይወድ ዘንድ የሚያዝዘው ቃል በወንጌል ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ ከዚያ በፊት በኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ ተጽፎአል። በዙሪያውም ያሉትን ትእዛዞች ተመልከት። እርሻውን የሚያጭድ ሰው ዳርቻውን ለድኃና ለመጻተኛ እንዲተው፣ የሠራተኛውን ዋጋ እንዳያሳድር፣ ደንቆሮውን እንዳይሰድብ፣ በዕውር ፊት ዕንቅፋት እንዳያኖር፣ በሚዛንና በመስፈሪያ እንዳያታልል ታዝዞአል። እንግዲህ በሞጣ ወይም በቢቸና ገበያ ጤፍ የሚሸጥ ሰው መስፈሪያውን እያጐደለ «እኔ ሰውን ሁሉ እወዳለሁ» ቢል ማን ያምነዋል? ሕግ ለፍቅር እጅና እግር ነው፤ ያለ እርሱ ፍቅር በአፍ ብቻ ይቀራል።

ነገር ግን ሕግ ብቻውን ወዴት ያደርሳል? ከአገራችን ምሳሌ ልስጥህ። በጎጃምም በሌላውም አገር ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪይቱን ሰው በሥራቸው ይንቃቸው ነበር፤ «ቡዳ» እያለም ይሸሻቸው፣ ጋብቻም ይከለክላቸው ነበር። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ መልካም ነበር። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ንቀቱ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። አዋጅ አፍን ይዘጋል፤ ልብን ግን አይከፍትም። ስድቡን ትቶ፣ እንጀራውን ከሸክላ ሠሪይቱ ምጣድ ላይ እያነሣ፣ እርስዋን ግን ከማዕዱ የሚያርቅ ሰው የንጉሡን አዋጅ አልተላለፈም፤ የእግዚአብሔርን ሕግ ግን አልፈጸመም። ጌታችን እንኳ በአገሩ ሰዎች ዘንድ ጠራቢ ተብሎ እንደ ተናቀ፣ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ እንደ ነበረ አያስብምን?

የጥኖራ ገበሬ የእርሻውን ወሰን በድንጋይ ቢለይ መልካም ያደርጋል፤ የሌላውን መሬት እንዳይገፋ ይጠብቀዋልና። በሉቃስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ ያለው ሕግ ዐዋቂ ግን እንዲሁ ያለ ድንጋይ ለፍቅር ሊያቆም ወደደ፤ ስለዚህ ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። ጌታ ወሰኑን አላሳየውም፤ ከመንገድ ዳር ቆስሎ ለወደቀው ሰው ባልንጀራ የሆነው ማን እንደ ነበረ መልሶ ጠየቀው። ያም የተገኘው የተናቀው ሳምራዊ ነው።

ስለዚህ ሐዋርያው በሮሜ መልእክት በ13ኛው ምዕራፍ ፍቅርን የሕግ ፍጻሜ ሲል መሻርን አይናገርም። መንገድ የሚፈጸመው መንገደኛው ካሰበበት ሲደርስ ነው እንጂ መንገዱ ሲፈርስ አይደለም። የሚወድ ሰው አይሰርቅም፣ አይገድልም፣ በሐሰት አይመሰክርም፤ ሕጉ ካቆመበት ስፍራም አልፎ ይሄዳል።

ምናልባት «ልቤ እንቢ ካለ እንዴት በትእዛዝ እወዳለሁ?» ትል ይሆናል። የኦሪት ዘጸአት 23ኛው ምዕራፍ ይመልስልሃል። የሚጠላህ ሰው አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታገኘው፣ አብረህ እንድታነሣው ያዝዝሃል። ቂምህ እስኪበርድ ድረስ ቆይ አይልህም። አንተ በዚህ ወገን፣ ባላጋራህ በዚያ ወገን ሆናችሁ አንዱን ጭነት ስታነሡ፣ እጅ የጀመረውን ልብ ሊከተለው ይችላል።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፤ አንቺም እኅቴ፤ ዛሬ ራሳችሁን መርምሩ። መስፈሪያችሁ ሙሉ ነውን? የሠራተኛው ዋጋ ከእናንተ ዘንድ አድሮአልን? ከማዕዳችሁስ ያራቃችሁት ማን ነው? ይህን መርምራችሁ ብታቀኑ ሕግና ፍቅር በቤታችሁ አብረው ያድራሉ። እግዚአብሔር ማስተዋልንና ለመፈጸም ኃይልን ይስጣችሁ።