ስለቱ ይቆይ፣ ሒሳቡ ይቅደም



ኢያሪኮ ቆላ ናት። ከኢየሩሳሌም ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ከባሕር ጠለል በታች 250 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ያገኛታል፤ ሙቀት፣ ውሃ፣ ፍራፍሬ፣ ነጋዴና ቀራጭ የማይጠፋባት የመንገድ ከተማ ነበረች። ከጣርማ በር ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት የገባ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዘኬዎስ የወጣበት ሾላም ለይፋት ሰው እንግዳ ዛፍ አይደለም።

ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሉቃስ ምዕራፍ 19 ላይ ነው። ቁመተ አጭሩ የቀራጮች አለቃ ጌታን ለማየት ዛፍ ላይ ወጣ፣ ጌታም ቤቱ ገባ። እኛ ሰባኪዎች ዛፉ ላይ ብዙ መቆየት እንወዳለን። ከባዱ ነገር ግን ከወረደ በኋላ ያለው ነው። ዘኬዎስ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሊሰጥ፣ ለበደለውም ሰው አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ያለው ሕግ ጥፋቱን የተናዘዘ ሰው የወሰደውን መልሶ አምስተኛውን እጅ እንዲጨምር ያዛል። መቶ ብር የወሰደ 120 ይከፍላል ማለት ነው። በዘኬዎስ ቃል ግን 400 ይሆናል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የሽንኩርት ወቅት ሲደርስ ቀወት ወረዳችን ውስጥ የሚሆነውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። አይሱዙው ማሳው ዳር ቆሟል፤ ደላላው በስልክ የአዲስ አበባን ዋጋ ይጠይቃል፤ ጆሮው የሰማውና ለገበሬው የሚነግረው አይገጥምም። ሚዛን ላይ ያለው ሰው «ለአፈሩ»፣ «ለጆንያው» እያለ ኪሎ ይቀንሳል። ገበሬውም ንጹሕ ነኝ እንዳይል፤ ደህና ደህናውን ከላይ አድርጎ የበሰበሰውን ከታች ጠቅጥቋል። ማታ ደግሞ የመስኖ ተራ አለ። የውሃ አባቱ ተራውን ለጎረቤት ሰጥቶ ተኝቷል፤ እኩለ ሌሊት ላይ አንዱ ዶማውን ይዞ ይወጣና ቦዩን በድንጋይና በጭቃ ዘግቶ ውሃውን ወደ ማሳው ይመልሳል። ከመንጋቱ በፊት ድንጋዩን ያነሣል፤ የጎረቤቱ መደብ ግን ደረቁን አድሯል።

ይህ ሁሉ ሲደረግ አንገት ላይ ማተብ አለ። ከእኛ ጋር የሚገበያየው ሙስሊም ጎረቤታችን ስብከታችንን ላይሰማ ይችላል፤ ሚዛናችንን ግን በየገበያው ያየዋል።

ወቅቱ ከቀና ስለት ይገባል። ጥላ ይመጣል፣ ምንጣፍ ይመጣል፣ እልልታው ይቀልጣል። ጥላው የተገዛበት ብር ከማን ኪሎ ላይ እንደተቀነሰ የሚጠይቅ የለም፤ ካህናት ልንጠይቅ ይገባናል። ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ያስመሰግናል እንጂ ድፍረት አይጠይቅም። ድፍረት የሚጠይቀው የተበደለው ሰው ደጅ ሄዶ «ባለፈው በሚዛን በድዬሃለሁ፣ ይኸው ብርህ» ማለት ነው። ሰውዬው ሊሰድብህ ይችላል፤ ለሰፈሩም ሊያወራብህ ይችላል። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ለፋሺስት ተገዙ አልልም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። ለእኛ የደረሰን ጎረቤት ፊት መቆም ብቻ ነው፤ እሱንም እንፈራዋለን።

ቀጥተኛ ሚዛን የያዘ ነጋዴ በመጀመሪያው ወቅት ሊከስር ይችላል። እጥፍ ሆኖ ይመለስልሃል ብዬ ላባብለው አልፈልግም። ዘኬዎስም ያን ቀን ሀብቱ ጎደለ እንጂ አልበዛም፤ ጌታ መዳን ለዚህ ቤት ሆነ ያለው ግን ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ለመጪው ንግሥ ስለት ያዘጋጃችሁ ወገኖቼ፣ የሰው ኪሎ ወይም የሰው ውሃ ያለበት ካለ ስለቱን ለጊዜው ቤቱ ያቆየው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታ ሰው መባውን ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ አዟል። መጀመሪያ ባለ ገንዘቡ ጋ ሂዱ፤ አራት እጥፉ ከከበዳችሁ ዋናውንና አምስተኛውን እጅ ይዛችሁ ሂዱ። የወሰዳችሁት ውሃ ከሆነም በሚቀጥለው ተራችሁ ቦዩን ለጎረቤታችሁ ልቀቁለት።