«ደሜ ነው»

 

ዘመድን «ደሜ ነው» እንላለን። የደም ዓይነት ግን ዘመድ አይቆጥርም። አባትህ ኤ፣ እናትህ ቢ ሆነው አንተ ኦ ልትወለድ ትችላለህ፤ ያኔ የወላጆችህ ደም ቢሰጥህ ሊገድልህ ይችላል። ስምህን የማያውቅ፣ መስጂድ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ የቦሌ ታክሲ ረዳት ደም ግን ያተርፍህ ይሆናል። ሱብሃነላህ!

ታዲያ ለምንድነው ብዙዎቻችን የራሳችን ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ብቻ ክንዳችንን የምንዘረጋው? ባንሰጠውም አይቀመጥልንም፤ ቀይ የደም ሴል ሰውነታችን ውስጥ 120 ቀን ገደማ ኖሮ ይሞታል። ደም ባንክ ገብቶም ቢሆን ከ42 ቀን አያልፍም። በወሊድ ደም ለሚፈሳት እናት የሚደርስላት፣ ለማን እንደሚሆን ሳይጠየቅ ቀድሞ የተሰጠው ነው።

18 ዓመት ሞልቶህ ጤነኛ ከሆንክ በየሦስት ወሩ መስጠት ትችላለህ። ዛሬ ከሶላት በኋላ ደም ባንክ ጎራ በል። ምሳህን ሳትበላ ግን እንዳትሄድ።