ገመዱን ንቀልና እይ

ልጄ፣ አዲስ የተተከለ ኮምፕረሰር ከፋብሪካው ዲሲኤስ (ከዋናው የቁጥጥር ሥርዓት) ጋር እንድታገናኝ ሲያዙህ፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥር የመጣ ዕለት ሰው ሁሉ እጅህን ይጨብጥሃል። አንተ ግን ሥራው አለቀ አትበል። ቁጥር ማምጣት ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ማሽኑም ኦፕሬተሩም ምን እንደሚያደርጉ አስቀድሞ መወሰን ነው።

በሲሚንቶ ፋብሪካ ብዙ ጊዜ ኪልኑንና ወፍጮውን የሚያዘው ሥርዓት ከአንድ ኩባንያ ይመጣል፤ ኮምፕረሰሩና ማሸጊያው ደግሞ ከነፒኤልሲያቸው (ከነመቆጣጠሪያ ኮምፒዩተራቸው) ከሌላ። ሁለቱን የሚያግባባቸው አብዛኛውን ጊዜ ሞድባስ የተባለው የመገናኛ ፕሮቶኮል ነው። ሞዲኮን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ነው፤ ዛሬም ከሥራ ያልወጣው ቀላል ስለሆነ ነው። ስላረጀ አትናቀው፤ ቀላል ስለሆነም አትመነው።

ስለ ኬብሉ ብዙ አልልህም። መስመሩ አርኤስ-485 ከሆነ 120 ኦም ሬዚስተር የሚገባው በሁለቱ ጫፎች ብቻ ነው እንጂ በየመሣሪያው አይደለም። ከሞተር ኬብል አርቀህ ዘርጋው። ይኸው ነው።

ልብህን የምታሳርፍበት የሬጅስተር፣ ማለትም እያንዳንዱ ንባብ የሚቀመጥበት አድራሻ፣ ዝርዝሩ ላይ ነው። አምራቹ 40001 ብሎ የጻፈውን ያንተ ሶፍትዌር 0 ብሎ ሊጠራው ይችላል፤ በአንድ ቁጥር ከተሳሳትክ የግፊቱን ቦታ ሙቀቱ ይይዘዋል። ሌላም አለ። ነጥብ ያለው ቁጥር ሁለት ሬጅስተር ይይዛል፤ የትኛው እንደሚቀድም ደግሞ ኩባንያዎቹ አልተስማሙም። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ፓኔሉ ላይ 7.0 ባር እያነበብክ መቆጣጠሪያ ክፍል ያለው ስክሪን ዜሮ ይላል። ግፊቱ ወደ 6.9 ሲወርድ ደግሞ ያው ስክሪን ከመቶ ሚሊዮን በላይ የሆነ ኔጌቲቭ ቁጥር ይጽፍልሃል። ኔጌቲቩ ያስደነግጥሃልና ታርመዋለህ፤ ዜሮው ግን ማሽኑ የቆመ አስመስሎ ያሳልፍሃል። ስለዚህ አንድ ሰው ፓኔሉ ዘንድ አቁም፣ አንተ ስክሪኑ ፊት ሁን፣ ግፊቱ ከፍ ዝቅ ሲል በሬዲዮ እየተነጋገራችሁ እያንዳንዱን ቁጥር አመሳክሩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ከዚህ ሁሉ የምፈራልህ ግን ትክክል መስሎ የቆመውን ቁጥር ነው። ግንኙነቱ ሲሞት ብዙ ሥርዓት የመጨረሻውን ንባብ እንደያዘ ይቀራል። 7.0 አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል፣ ኦፕሬተሩም ሻዩን ይጠጣል፣ እታች ግን ኮምፕረሰሩ ከቆመ ቆይቷል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ፒኤልሲው በየሰከንዱ አንድ የሚጨምር ቆጣሪ ይላክ፤ ዲሲኤሱ ቆጣሪው ለጥቂት ሰከንድ ካልተንቀሳቀሰ አላርም ይጩህ፣ ቁጥሮቹንም ያግርጣቸው። በተቃራኒው አቅጣጫም እንዲሁ አድርግ፤ ፒኤልሲውም አለቃው ዲሲኤስ በሕይወት መኖሩን ይወቅ።

አለቃው ከጠፋበትስ ፒኤልሲው ምን ያድርግ? ይህን አንተ ብቻህን አትወስን። የወፍጮው ቤሪንግ የቅባት ፓምፕ መሥራቱን መቀጠል አለበት፤ ወፍጮውን የሚመግበው ቤልት ግን መቆም አለበት። ለሁሉም አንድ መልስ የለም። ፕሮሰስ ኢንጂነሩንና የሌሊት ፈረቃ ኦፕሬተሩን አስቀምጠህ ማሽን በማሽን ጠይቅ፣ ጻፈው፣ አስፈርም። ኢመርጀንሲ ስቶፕን ደግሞ በሞድባስ አትላክ። በራሱ ሽቦ ይሂድ፤ ሽቦው ራሱ ቢበጠስ ማሽኑ እንዲቆም ሆኖ ይታሰር።

ሞድባስ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። በኢተርኔት ሲሄድ ፖርት 502 ዘንድ የደረሰ ሁሉ ያነባል፣ ካልተከለከለም ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስተክስኔት የተባለው አጥፊ ሶፍትዌር የኢራኑን የናታንዝ ኑክሌር ተቋም የጎዳው የሲመንስ ፒኤልሲዎች ውስጥ ገብቶ ነው፤ ኦፕሬተሮቹ ፊት ግን ሁሉ ደህና ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሳዑዲ ውስጥ የአንድ ፔትሮኬሚካል ፋብሪካ የደኅንነት ኮንትሮለር ተደፍሯል። እኛን ማን ይነካናል አትበል። የቢሮውና የፋብሪካው ኔትወርክ መካከል ፋየርዎል ይኑር፤ ማንበብ ብቻ ለሚበቃው መጻፍ አትፍቀድ፤ እንግዳ ፍላሽም አታስገባ።

የውጭ ኮሚሽኒንግ ኢንጂነሮች ደግሞ ሥራቸውን ጨርሰው መሄዳቸው አይቀርም። ፕሮግራሙንና የይለፍ ቃሉን ሳይሰጡህ አይሂዱ፤ ኮሜንቱ በቻይንኛም ቢሆን ተቀበል፣ ማስተርጎም ይቻላል። ባዶ እጅህን ከቀረህ ግን አንድ ሴንሰር በተቀየረ ቁጥር ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ትጠብቃለህ።

በርክክቡ ቀን፣ ሰነዱ ላይ ከመፈረምህ በፊት፣ ኮንትራክተሩም አለቃህም ባሉበት የግንኙነቱን ገመድ ንቀል። አላርሙ ካልጮኸ፣ ቁጥሮቹ ካልገረጡ፣ ማሽኑም የተጻፈውን ካላደረገ አትፈርም።