ንግግር የልጅ ሐቅ ነው

ምስጋና ሰውን ለፈጠረውና ንግግርን ላስተማረው ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

ወንድሞች ሆይ! ከእናንተ አንዱ ልጁን ስለ ማብላቱና ስለ ማልበሱ ቢጠየቅ ወጪውን አንድ ባንድ ይቆጥራል። ነገር ግን «ዛሬ ከልጅህ ጋር ምን ተነጋገርህ?» ቢባል ምን ይመልሳል? ብዙ ሰው ንግግር እንደ ጥርስ በጊዜው የሚበቅል ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ልጁን የማያነጋግር አባት አልበደለም። እንዲህ ካልሆነ ግን ዝምታው በደል ነው። ስለዚህ ነገሩን መመርመር ይገባናል።

የሕንዱ ንጉሥ አክበር (1542–1605 እ.ኤ.አ.) ሰው ሳይነገረው ይናገር እንደ ሆነ ሊያውቅ ፈለገ። በ1578 ገደማ ሕፃናት ከእናቶቻቸው ተለይተው ንግግር በማይሰማበት ቤት እንዲያድጉ አዘዘ። ለእናቶቻቸውም ገንዘብ እንደ ተሰጣቸው ታሪክ ጸሐፊው በዳዑኒ ዘግቧል። ንጉሡ በ1582 ሊያያቸው በሄደ ጊዜ ከዲዳ ድምፅ በቀር ምንም አልሰማም። ሕፃናቱ ጆሮም ምላስም ነበራቸው፤ ያጡት የሚያነጋግራቸውን ሰው ነው።

ከዚህ ሁለት መቶ ዓመት አስቀድሞ የቱኒሱ ሊቅ ኢብን ኸልዱን (1332–1406) «ሙቀዲማ» በተባለው መጽሐፉ ምክንያቱን ገልጾት ነበር። እንደ እርሱ አባባል ቋንቋ እንደ እጅ ሥራ በልምድ የሚጸና ችሎታ ነው። ልጅ አስቀድሞ ነጠላ ቃላትን፣ ቀጥሎም የተጋጠሙ ቃላትን ይሰማል፤ ዕለት ዕለት እየሰማና እየተናገረ ሲደጋግመው የራሱ ጠባይ ይሆናል። በሱቅ ያደገ ልጅ ሳይሰበክ ሚዛን መያዝን እንደሚለምድ ማለት ነው። የቁረይሽ ሰዎችም ሕፃናታቸውን ለበረሓ ሞግዚቶች ይሰጡ የነበረበት አንዱ ምክንያት የጠራ ዐረብኛ እንዲሰሙ ነው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) በበኒ ሰዕድ ዘንድ በሐሊማ እጅ አድገዋል።

ምናልባት «ለአባታችን ለአደም ስሞችን ያስተማረው አላህ ነው፤ እንግዲያውስ ንግግር የአላህ ስጦታ እንጂ የሰው ትምህርት አይደለም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ስጦታ ነው። ዘርም ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ዝናብ ሳያገኝ አይበቅልም።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ነገር በእኛ ዘመን ታይቷል። በመካከለኛው አሜሪካ፣ በኒካራጓ ዋና ከተማ በማናጓ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚገናኙበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ በፊት አብዛኞቹ በየቤታቸው ተነጥለው በጥቂት የእጅ ምልክት ብቻ ይግባቡ ነበር። መምህራኑ የስፓኝ ቋንቋን ከከንፈር እንዲያነቡ ቢደክሙላቸውም ብዙ አልያዘላቸውም። በግቢና በአውቶቡስ ግን ልጆቹ ምልክታቸውን እየተቀባበሉ የተሟላ የእጅ ቋንቋ አበጁ። በሕፃንነታቸው የገቡት ከታላላቆቻቸው ተቀብለው አበለጸጉት፤ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ የመጡት ግን የእነዚያን ያህል አልተሳካላቸውም።

እንግዲህ አስተውሉ! ችሎታው ከአላህ ነው፤ የሚነቃው ግን በሰው መካከል ነው፤ ጊዜም አለው። ስጦታው ለልጁ የሚደርሰው በእኛ እጅ ከሆነ እኛ ባለ አደራዎች ነን። ለሌላው እንዲያደርስ የተሰጠውን ዕቃ በመጋዘኑ ቆልፎ ያስቀረ ነጋዴ ምን ይባላል? ዕቃውን አልሰረቅሁም ቢል ማን ይቀበለዋል?

ስለዚህ ነጋዴ ሆይ! ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ ያማረ ቃል ስትመዝን ውለህ ማታ ለልጅህ ዝምታን ይዘህ አትግባ። ያየኸውን ንገረው፤ ሲጠይቅህ መልስለት፤ ሲሳሳት አትሣቅበት። እናት ሆይ! ገና አይገባውም ብለሽ ዝም አትበይ፤ የሚገባው ስለምታነጋግሪው ነውና። መስማት የተሳነው ልጅ ያለህም ሆይ! ከእንግዳ ዓይን አትደብቀው። የእርሱ ዝናብ በእጅ የሚነገር ቋንቋ ነው፤ ከሚያውቁት ጋር ሳይዘገይ አገናኘው፤ አንተም ተማርለት። ጆሮው ቢዘጋ ልቡ አልተዘጋምና፣ በሩን የዘጋህበት አንተ እንዳትሆን ፍራ።

አላህ አደራቸውን ከሚያደርሱት ያድርገን። አሚን።