ከሪባ መሸሽ የሚጀምረው በኅዳር ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

  ሱረቱል ካህፍን ያልቀራችሁ ከመግሪብ በፊት ቅሩ፤ በውዱ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይም ሰለዋት አብዙ።

የዛሬው ማስታወሻችን ስለ ኪሳችን ነው። በተለይ ድባጤ፣ ቡለን፣ ወንበራና በአጠቃላይ መተከል ውስጥ ሆናችሁ ለምታነቡ ወጣቶች። ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል፦ «ኡስታዝ፣ ሰሊጤ አረም ሊውጠው ነው። ለአራሚ የምከፍለው የለኝም። ሰውየው 5,000 ብር ሰጥቶኝ በኅዳር 7,500 መልስ ይለኛል። ደሩራ ስለሆነ ይፈቀድልኛል ወይ?»

ወንድሜ፣ ደሩራ መሆን አለመሆኑ በስልክ መልእክት የሚወሰን ነገር አይደለም። ሁኔታህን የሚያውቅ ዓሊም ፊት ቁጭ ብለህ ጠይቅ። እኔ ግን ሌላ ነገር ልንገርህ፦ ይህ ጥያቄ ስምንት ወር ዘግይቶ ነው የመጣው። መጠየቅ የነበረበት ባለፈው ኅዳር፣ ሰሊጡን ሸጠህ ብሩን የቆጠርክ ቀን ነበር።

ኅዳር ላይ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ሰሊጡ ይራገፋል፣ ለውዙ ይነቀላል፣ ነጋዴው ሚዛኑን ይዞ ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ የመቶ ብር ኖት ስትመነዝር የነበርክ ሰው በአንድ ቀን የታሰረ ብር በእጅህ ይገባል። በዚያ ሳምንት ሁላችንም ሀብታሞች ነን! ስልኩ ይቀየራል፣ ጓደኛ ይጋበዛል፣ «ሞተር ልግዛ» ይባላል፣ የሰርግ ወጪ እንደ ጎረቤት ሰርግ ይለካል። የካቲት ሲመጣ ብሩ ሄዷል። ግንቦት ላይ ዘርና ማዳበሪያ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አረም አለ፤ ሰሊጥ ደግሞ አረም የሚችል ሰብል አይደለም። ያኔ ነው የአራጣው ሰው በር የሚንኳኳው። ሪባ የሚያጠምደን ዲናችንን ስለምንጠላ አይደለም። በደጉ ወር ለክፉው ወር ሳናስቀምጥ ስለምንቀር ነው።

እስቲ የነቢዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ በዚህ ዓይን እንየው። ከመተከል በታች የሚያልፈው ዓባይ ወርዶ ወርዶ የሚደርሰው ያ ታሪክ የተፈጸመበት ግብፅ ነው። ንጉሡ ሕልም አየ፣ ዩሱፍም እስር ቤት ሆኖ ፈታው። ልብ በሉ፤ «ረሃብ ይመጣል» ብሎ ብቻ አላቆመም። ሰባት ዓመት በትጋት ዝሩ፣ ያጨዳችሁትን ከነዛላው ተዉት፣ ከምትበሉት ጥቂት በስተቀር የሚል ዕቅድ ሰጣቸው። ከነዛላው ለምን? ሙፈሲሮች እንደሚሉት ነቀዝ እንዳይበላው ነው። አባቶቻችን በቆሎን ከነቆረቆንዳው የሚያስቀምጡት ለምን እንደሆነ ለሚያውቅ ገበሬ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በድርቁ ሰባት ዓመት የተቀመጠው ይበላል፤ ሁሉም ግን አይበላም፣ ጥቂት ይተርፋል። ያ ጥቂት ዘር ነው ይላሉ ሙፈሲሮች። በረሃብ ውስጥ እንኳ የማይነካ ድርሻ አለ ማለት ነው። አንተስ ከሰሊጥህ ሽያጭ ላይ የማይነካ ድርሻ አለህ? ወይስ ልክ እንደጎደለብህ መጀመሪያ እጅህን የምትሰድደው ወደ ዘር ብርህ ነው?

አንዳንድ ወንድሞች «ነገን አላህ ያውቃል፤ ማስቀመጥ ተወኩልን ይቀንሳል» ይላሉ። ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በላይ ተወኩል ያለው ማነው? ዑመር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሥ፣ ነቢዩ ከበኒ ነዲር የተምር ምርት ሸጠው ለቤተሰባቸው የአንድ ዓመት ቀለብ ያስቀምጡ ነበር። የአንድ ዓመት! እዚያው ቤት ውስጥ ደግሞ እሳት ሳይነድ ብዙ ቀን የሚያልፍበት ጊዜ እንደነበር እናነባለን። ዑለማዎች ሁለቱን ሲያስታርቁ፣ ያስቀምጡ ነበር፣ ችግረኛ ሲመጣ ግን ከተቀመጠው ይሰጡ ስለነበር ዓመቱ ሳይሞላ ያልቅ ነበር ይላሉ። ማስቀመጥ ማለት መሰሰት አይደለም። የሚሰጠውም ቢሆን የተቀመጠ ያለው ነው።

የአረሙን ብር ጉዳይ ሳንጨርስ አንድ በር እንዳለ እንንገራችሁ፣ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ነቢያችን መዲና ሲገቡ ሰዎች የፍሬ ዋጋ ከአንድና ከሁለት ዓመት በፊት አስቀድመው ይከፍሉ ነበር። አልከለከሏቸውም፤ መስፈሪያው፣ ሚዛኑና ቀኑ የታወቀ ይሁን አሉ። ይህ «ሰለም» የሚባለው ውል ነው። ነጋዴው በሐምሌ ሙሉውን ዋጋ በእጅህ ይሰጥሃል፤ አንተም በተወሰነ ቀን፣ የታወቀ ዓይነትና ጥራት ያለው፣ ለምሳሌ ሁለት ኩንታል ሰሊጥ ታስረክበዋለህ። ይህ ሽያጭ ነው፣ ሐላል ነው፤ ዋጋው ከኅዳሩ ገበያ ትንሽ ቢያንስም። «5,000 ልስጥህና 7,500 መልስ» ግን ብድር ነው፣ ጭማሪውም ሪባ ነው። ሰለምን ሽፋን አድርጎ የተወሰነ ማሳ ምርት ገና ሳይበቅል መግዛትም አይሆንም፤ ያ ማሳ ቢጠፋስ? ውሉን ጻፉት፣ ምስክር አቁሙ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ ውል አጻጻፍ የወረደው በከንቱ አይደለም።

እሺ፣ አስቀመጥን እንበል። የት?

ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ወለዱን በመፍራት ለረጅም ጊዜ ብሩን ያስቀመጠው ቤቱ ነው። ኒያው ያማረ ነው፣ አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን መስከረም 4 ቀን 2013 መንግሥት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችን ቀይሮ የ200 ብር ኖት ሲያወጣ፣ አሮጌውን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር። በማሰሮና በፍራሽ ሥር ያለ ብር ያላወጣ ሰው ከዚያ በኋላ የያዘው ወረቀት ነው። በዚያው 2013 መተከል ውስጥ የሆነውን ደግሞ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ስንቱ ነፍሱን ብቻ ይዞ ወጣ፤ ስንቱ ቻግኒ ራንች መጠለያ ውስጥ በድንኳን ከረመ። ጎተራው፣ ከብቱ፣ ቤት ውስጥ የነበረው ብር፣ ሁሉም አንድ ቦታ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ቀን ቀረ። አላህ ለሟቾች ይዘንላቸው፣ ለተፈናቀሉት ይካስላቸው። ይህን የማነሳው ቁስል ለመንካት አይደለም። ያለንን ሁሉ አንድ ጣሪያ ሥር ማድረግ ምን እንደሚያስከፍል ከእኛ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ነው።

ዛሬ ምክንያት የለንም። ንግድ ባንክ «ሲቢኢ ኑር» በሚል ስም ከወለድ ነፃ አገልግሎት ይሰጣል፤ ሌሎች ባንኮችም መስኮት አላቸው። ዘምዘም ባንክ በ2013 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራና ራሚስ ተከተሉት። ስትከፍቱ ግን «ደብተር ክፈቱልኝ» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። «ከወለድ ነፃ» በሉ፤ ወዲዓ ነው ሙዳረባ ብላችሁ ጠይቁ። ወዲዓ አደራ ነው፤ ብርህ እንዳለ ይጠበቃል፣ ትርፍ የለውም። ሙዳረባ ባንኩ ሠርቶበት በተስማማችሁት መጠን ትርፍ የምትካፈሉበት ነው። ለክረምቱ አረም የምታስቀምጠው ብር ወዲዓ ይበቃዋል።

ስልክ ላይ ያለውንም አስተውሉ። ቴሌብር ውስጥ ብር ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚባሉት ብድሮች ሌላ ናቸው። ብድር ወስደህ በላዩ የምትከፍለው በብድሩ መጠን ወይም በቀኑ ብዛት የሚጨምር ከሆነ፣ «የአገልግሎት ክፍያ» መባሉ ከሪባነት አያወጣውም። አንድ ቁልፍ መጫን ስለሆነ ቀላል ይመስላል።

ዕቁብ? ደስ ይላል። ብዙ ዑለማዎች ይፈቅዱታል፤ እርስ በርስ ብድር ነው፣ ማንም ከሰጠው በላይ አይወስድም። በተለይ ብር ኪሱ ውስጥ የማያድርለት ወጣት ዕቁብ ቢገባ እኔ እመክራለሁ፤ የጓደኛ ይሉኝታ ከራስ ቃል የጠነከረ ነውና። ችግሩ ዕጣ ሲሸጥ ነው። የ20,000 ብር ዕጣ የደረሰው ሰው ለቸኮለ ጓደኛው «2,000 ጨምርልኝና ተራዬን ውሰድ» ሲለው፣ ያ 2,000 የብር በብር ጭማሪ ነው። ሰብሳቢ የሆናችሁ ይህን ከመጀመሪያው ከልክሉ፤ የቸኮለ ካለ ተራውን በነፃ ይልቀቁለት፣ አጅሩ ብዙ ነው።

ስለ ቤቲንግ ብዙ አልልም፤ ቁማር ነው፣ ሐራም ነው፣ አበቃ። ጫት ላይ ግን አንድ ስሌት ብቻ፦ በቀን 100 ብር ካወጣህ በወር 3,000፣ በአሥር ወር 30,000 ነው። የአረሙን ብር ከዚህ አስበው።

ደግሞ ብር ራሱ እንደ በረዶ መሆኑን አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የዕቃውም ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ለስምንት ወር የሚሆነውን በብር አስቀምጡ፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን ዓመታት በጥሬው አይቀመጥ። ፍየል ይሁን፣ ቆርቆሮ ይሁን፣ ወርቅ ይሁን፣ ከታማኝ ሰው ጋር የሚሠራ ሐላል ንግድ ይሁን። ወርቅ ስትገዙ እጅ በእጅ ይሁን፤ ወርቅ በዱቤ አይገዛም።

የተቀመጠ ነገር ሐቅ አለው። ያጠራቀምከው የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ደርሶ አንድ የሂጅራ ዓመት ከሞላው፣ ከየ1,000 ብሩ 25 ብር ዘካ ነው። በዝናብ የበቀለ እህል ኒሷቡን ከሞላ አንድ አሥረኛው በአጨዳው ጊዜ ይወጣል። ሰሊጥ ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ የመስጂዳችሁን ኢማም ሳትሸጡ በፊት ጠይቁ። በድባጤ ገና ከመፈናቀል ተመልሶ ጎጆውን ያላቆመ ጎረቤት አለና፣ ዘካችሁ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ዕዳ አንገቱ ላይ ያለበት ወንድምም ዛሬ ከዐስር በኋላ ባለችው ሰዓት ዱዓውን አይተው። ዓሊይ (ረ.ዐ) ዘንድ ነፃ የሚወጣበትን ክፍያ መክፈል ያቃተው ባሪያ መጥቶ እርዳታ ሲጠይቃቸው፣ ከነቢዩ የተማሩትን ዱዓ አስተማሩት፤ ዕዳው ተራራ ቢያክል እንኳ አላህ ይከፍልልሃል አሉት። በዱዓው የሚለመነው፣ አላህ በሐላሉ ከሐራሙ እንዲያብቃቃንና በችሮታው ከእርሱ ሌላ ካለ ሁሉ እንዲያሳርፈን ነው። ቲርሚዚ ዘግበውታል፤ ዐረብኛውን ከኡስታዞቻችሁ ተቀበሉና ሐፍዙት።

ጁሙዓ ሙባረክ።