ስለ ዕለት ዕለት መታደስ



ሰው ሁሉ አዲስ ነገርን ይወዳል። ሕፃን አዲስ ልብስ በለበሰ ቀን ሰው እንዲያይለት ወደ ደጅ ይወጣል፤ አዋቂውም አዲስ ቤት ወይም አዲስ ሹመት ባገኘ ጊዜ እንደዚያው ሕፃን ልቡ ደስ ይለዋል። ይህ መውደድ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እግዚአብሔር ሰውን ለእርጅናና ለሞት እንዳልፈጠረው ምልክት ነውና። ነገር ግን አስተውለን ልንጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። አዲስ ነገር ያገኘ ሰው እርሱ ራሱ አዲስ ይሆናልን? ወይስ አሮጌው ሰው በአዲሱ ቤት ገብቶ ይቀመጣል?

ይህ ጥያቄ በአዲስ አበባ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ለሚኖር ሰው ሩቅ አይደለም። የስፍራው ስም እንኳ በዘመኑ አዲስ የነበረውን ነገር ያስታውሳል፤ ንፋስ ስልክ ማለት ያለ ሽቦ በነፋስ መልእክት የሚያስተላልፍ መሣሪያ ማለት ነውና። ዛሬ ግን እንዲህ ያለው መሣሪያ በየሰው ኪስ ስላለ ማንንም አያስደንቅም። በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ የሚሄደው የከተማ ባቡርም በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እንግዳ ነገር ነበረ፤ አሁን ግን ተሳፋሪው ስለ መጨናነቁ ብቻ ያወራል። በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤት በዕጣ የደረሰው ሰው ቁልፉን በተቀበለ ቀን እልል ይባልለታል፤ ጥቂት ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ስለ ደረጃው ብዛት ያጕረመርማል። ደግሞም ዕቃውን በመኪና ጭኖ ሲመጣ ቂሙንና ቅናቱን በአሮጌው ሰፈር አላስቀረም፤ ከሚስቱ ጋር ይጣላበት የነበረው ነገር ከዕቃው ጋር በደረጃው ወጥቶ አብሮት ገብቶአል። እንግዲህ የነገር አዲስነት እንደ ማለዳ ጤዛ ነው፤ ፀሐይ ስትሞቅ አይገኝም።

የከተማችንም ታሪክ ይህንኑ ያስተምረናል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ብለው ስም ካወጡላት በኋላ ብዙ ዘመን ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ አለቀ። የማገዶው ችግር ስለ ጸና ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ከተማውን ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኝ ስፍራ ለማዛወር አሰቡ፤ በዚያም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ ስፍራውም አዲስ ዓለም ተባለ። ማገዶ ሲያልቅ ሰፈርን ነቅሎ ወደ ሌላ መሄድ የቀደሙት ነገሥታት ልማድ ነበረና። ነገር ግን አዲስ አበባ አልተነቀለችም። ለዚህም ከምክንያቶቹ አንዱ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ በተቈረጠም ጊዜ ከጕቶው ያቈጠቍጣል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ዳግመኛ ለማገዶ ይደርሳል። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ አድርግ። በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሁለት መንገድ ነበረ። አንደኛው አሮጌውን ትቶ አዲስ ዓለም ወደሚባል ስፍራ መሄድ ነው፤ ሁለተኛው በዚያው በአሮጌው ስፍራ፥ ከጕቶ የሚያቈጠቍጥ ሕይወት መትከል ነው። በአንደኛው መንገድ የሚሄድ ሰው እስከ መቼ ይሰደዳል? በአዲሱም ስፍራ ያው መጥረቢያ ደኑን ይጨርሰዋልና። ሥራውን፥ ጓደኛውን፥ ትዳሩን፥ አገሩን እየለወጠ ዕረፍት የሚፈልግ ሰውም እንዲሁ ነው፤ መጥረቢያው በእጁ ነው።

ክርስቶስ የሚሰጠው መታደስ እንደ ሁለተኛው መንገድ ነው። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ አዲስ ለማለት ሁለት ቃል አለ። አንዱ ኔዎስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ትናንት ያልነበረውን፥ ዕድሜው ገና የሆነውን ነገር ያመለክታል። ሁለተኛው ካይኖስ ነው፤ ይህም በዕድሜው ሳይሆን በዐይነቱ አዲስ የሆነውን ያመለክታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በሁለተኛው መልእክት በምዕራፍ 4፥ የውጭው ሰውነት እየጠፋ ሳለ የውስጡ ዕለት ዕለት እንደሚታደስ ሲያስተምር የተጠቀመበት ቃል ከካይኖስ የወጣ ነው። ስለዚህ ፀጉሩ የሸበተ ሽማግሌ አዲስ ሰው ሊባል ይችላል፤ የሃያ ዓመት ጎልማሳም አሮጌ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ዕለት ዕለት መባሉን ተመልከት። እስራኤል በምድረ በዳ መናን የሚሰበስቡት ለየቀኑ ነበር፤ ከሰንበት ዋዜማ በቀር ያሳደሩት ተላ። ያመንህበት ቀን መልካም ቀን ነው፤ ነገር ግን የዚያን ቀን መና ዛሬ ልትበላው አትችልም።

ይህን በሥራ ያሳየ ሰው ከወገኖቻችን እንጥቀስ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ሂካ ይባል ነበር። በባርነት ተሸጦ ከእጅ ወደ እጅ ካለፈ በኋላ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ በ1872 ተጠመቀ። ኦኔሲሞስ የሚለው ስም ወደ ፊልሞና በተላከው መልእክት የተጠቀሰው ባሪያ ስም ነው፤ ትርጓሜውም የሚጠቅም ማለት ነው። እርሱ ግን አዲስ ስምና ነጻነት አገኘሁ ብሎ አልተቀመጠም። ወደ ወገኖቹ አገር ለመግባት ሞክሮ መንገዱ በተዘጋበት ጊዜ ወደ ምጽዋ አጠገብ ተመልሶ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ያዘ። እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖም ስለ ቋንቋው ባላት ጥልቅ ዕውቀት ረዳችው። አዲስ ኪዳን በ1893፥ መላው መጽሐፍም በ1899 ታተመ። ከጥምቀቱ እስከዚያ ድረስ 27 ዓመት አለፈ። ሊሄድ በፈለገበት ስፍራ ሳይሆን ባለበት ስፍራ፥ በወረቀትና በቀለም፥ ቃል እየፈለገና እያረመ ሠራ። አዲሱ ሕይወት በዚህ በሚያደክም ሥራ ውስጥ ታየ።

ምናልባት አንተ እንዲህ ትል ይሆናል፦ «ቤቱ ለፈረሰበት፥ የቤት ኪራይ ለጨመረበት፥ ለልጆቹ እንጀራ ላነሰው ሰው የውስጥ መታደስ ምን ይጠቅመዋል?» ይህ ጥያቄ እውነተኛ ነውና በቀላል ቃል ልናልፈው አይገባም። ሐዋርያው ያዕቆብ የታረዘውንና የራበውን ምንም ሳይሰጡ በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብቱትን ይነቅፋል። ስለ ባሕር ዛፍም ውኃ ይመጥጣል፥ በአጠገቡ የተዘራውን ያቀጭጫል ተብሎ ይነገራል፤ በዚህ በኩል ምሳሌያችን ያነክሳል። ክርስቶስ ያደሰው ሰው በጎረቤቱ ጥማት ሊለመልም አይችልምና። መታደስህ እውነት ከሆነ ከአንተ ቀድሞ የሚያውቀው ጎረቤትህ ነው።

ስለዚህ ነጋዴ ብትሆን ሚዛንህ ይታደስ፤ ለማያውቀው ገዢ እንደሚያውቀው አድርገህ መዝን። ቤት የምታከራይ ብትሆን ኪራይ ከመጨመርህ በፊት የተከራይህን ልጆች ቍጠር። በመሥሪያ ቤት የምትሠራ ብትሆን ዛሬ የሚፈጸመውን ጉዳይ ለነገ አትቅጠር። ተማሪ ብትሆን የባልንጀራህን መልስ ሰርቀህ ከምታገኘው ብልጫ በራስህ ድካም ያገኘኸውን ጥቂት ውጤት ምረጥ። የቤት ሠራተኛ ያለሽ እመቤት ሆይ፥ እርስዋም የሰው ልጅ ናትና ድካሟን እይ፥ ደመወዝዋንም በጊዜው ክፈዪ።

ይህንም ለማድረግ ሦስት ነገር ያዝ። ማለዳ ወደ ሥራ ከመውጣትህ በፊት በእግዚአብሔር ፊት ጥቂት ጸጥ በል፤ ትላንት ያስቀየምኸውን አንድ ሰው በስሙ አስብ። ቀን በሥራህ መካከል ያን ሰው ፈልገህ የበደልኸውን መልስ። ማታም ቍጣህን ይዘህ አትተኛ። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ የጕቶ ቡቃያም በመጀመሪያ ጥቂት ነው። ነገ ስትነሣ ያው ጎዳና፥ ያው ታክሲ፥ ያው ወንበር ይጠብቅሃል። ይህን ጠልተህ አዲስ ዓለም ፍለጋ አትሂድ፤ ሥሩ በክርስቶስ የተተከለ ሰው ባለበት ስፍራ ያቈጠቍጣልና።

የምሕረት አባት እግዚአብሔር በየማለዳው የሚያድስ መንፈሱን ለአንተም ለእኛም ይስጠን። አሜን።